ጫማውን የጠየቀው ሙት

ቫምፓየር ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ጥቁር ካባ የደረበ፣ በግንብ የሚኖር፣ አንደበቱ የለሰለሰ መስፍን ነው። ለመሆኑ ይህ ደም መጣጭ መስፍን የሆነው መቼ ነው? ማንስ ሾመው? ይህን ጥያቄ የጫረብኝ «ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ፣ ስዋንሶንግ» የተባለው የቪዲዮ ጌም ነው።

ጌሙን የሠራው ቢግ ባድ ዎልፍ የተባለ የፈረንሳይ ስቱዲዮ ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበውም በ2022 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ የሚፈጸመው በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ነው። ቫምፓየሮቹ ከሰው ልጅ ተሸሽገው፣ ሄዝል አይቨርሰን በተባለች ገዢ ሥር ይኖራሉ። አንድ ቀን ለኅብረት የተጠራ ግብዣ ወደ እልቂት ይለወጥና ገዢዋ ሦስት ሰዎቿን ነገሩን እንዲመረምሩ ታሰማራለች። ጋሌብ ባዞሪ ዘመን የቆጠረ የሥርዓት አገልጋይ ነው፤ ኢሜም ሉዊስ የምሽት ክበቦች ባለቤት ናት፤ ሌይሻ ደግሞ ራእይ የሚያሰቃያት እናት ናት። ተጫዋቹ ሦስቱንም በየተራ ይሆናል።

መተኮስና መቧቀስ የለም። መሣሪያው ንግግር ነው፤ ማባበል፣ ማስፈራራት፣ ቃል አሳስቶ ምስጢር ማውጣት። ኃይላቸውን በተጠቀሙ ቁጥር ረኀባቸው ይጨምራል፤ ረኀባቸውን የሚያስታግሡትም የሰው ደም በመጠጣት ነው። የገጸ ባሕርያቱ ፊት አልፎ አልፎ እንደ እንጨት ቢደርቅብኝም፣ ታሪኩን በሦስት ሰው ዓይን ማየቱን ወድጄዋለሁ። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ እኔ ግን የሁሉንም ልብ አውቃለሁ። ሦስቱም ለየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሦስቱም ለራሳቸው ይከራከራሉ።

ታሪክ መዝግቦ ካቆያቸው ቀደምት ዝነኛ ቫምፓየሮች አንዱ ግን ለራሱ የሚከራከርበት ዕድል አልነበረውም።

ነገሩ የሆነው በ1725፣ ያኔ በኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረው የሰርቢያ ክፍል፣ ኪሲሎቫ በተባለች መንደር ነው። ፔታር ብላጎዬቪች የተባለ ገበሬ ሞቶ ከተቀበረ ዐሥር ሳምንት ገደማ ሆኖታል። በዚያ ሰሞን በስምንት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ሟቾቹ ነፍሳቸው ከመውጣቷ በፊት «ፔታር መጥቶ አነቀኝ» ብለዋል ተባለ። ሚስቱም፣ ባሏ መጥቶ ጫማውን እንደጠየቃት ተናግራ መንደሩን ለቃ ሄደች። ነዋሪዎቹ መቃብሩ ይከፈት ብለው ተነሡ። የመንግሥቱ ሹም ከቤልግሬድ ፈቃድ እስኪመጣ ታገሡ ቢላቸው፣ እስከዚያ ከጠበቅን መንደሩ ባዶ ይቀራል አሉት። ሹሙ ከቄስ ጋር ሄደ፤ መቃብሩ ተከፈተ። አስከሬኑ አልፈረሰም፤ አፉ ላይ ደም ታየ። በሾለ እንጨት ደረቱን ወግተው አቃጠሉት። ሹሙ ለበላዮቹ በጻፈው ዘገባ፣ ጥፋት ካለ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን በፍርሃት ራሱን የሳተው ሕዝብ ነው ብሎ እጁን ታጠበ። ዘገባው በዚያው ዓመት በቪየና ጋዜጣ ታተመ። «የሞተ ተጎዳ» ይባል የለ? ፔታርም ሞቶ ሳለ በድጋሚ ተገደለ።

ዛሬ እንደምናውቀው አስከሬን ውስጥ የሚፈጠር ጋዝ ሆድ ይነፋል፣ ደም መሰል ፈሳሽ ወደ አፍ ይገፋል፤ ቆዳም ሲሸሽ ጥፍርና ጢም ያደጉ ይመስላሉ። በ1755 ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሐኪሟን የቫን ስዊተንን ምክር ሰምታ መቃብር እየከፈቱ ሬሳ ማቃጠልን ከልክላለች። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን «ቡዳ» እየተባሉ የኖሩት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ናቸው። ሰው ታሞ ምክንያቱ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰርበት ሰው አፍ የሌለው ነው።

ታዲያ ገበሬው ካባ የለበሰው በደራሲዎች እጅ ነው። በ1819 በታተመው የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ፖሊዶሪ ልብ ወለድ ቫምፓየሩ ሎርድ ሆነ። በ1897 ብራም ስቶከር ካውንት ድራኩላን አመጣ። ያም መጽሐፍ እንደ ጌሙ ብዙ ተራኪ አለው፤ የሚነገረው በማስታወሻ፣ በደብዳቤና በቴሌግራም ነው። ሁሉም ይጽፋል፤ ድራኩላ ግን የራሱ ማስታወሻ የለውም። በ1976 አሜሪካዊቷ አን ራይስ ቫምፓየሩን ቴፕ ሪኮርደር ፊት አስቀምጣ ሕይወቱን አስተረከችው። በ1991 ደግሞ «ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ» ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ጨዋታ ሆኖ ወጣ፤ እዚያ ተጫዋቹ ራሱ ቫምፓየር ነው። ስዋንሶንግ የተወለደው ከዚህ ነው።

እነሆ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ተከሳሹ አንደበት አገኘ። ደስ ይላል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ከነከነኝ። አንደበት ያገኘው ጌታ ከሆነ በኋላ ነው። በቦስተን የማገኛቸው ቫምፓየሮች ቤተ መንግሥትና ሹመት፣ ሴራና ባለሟል ያላቸው ናቸው። ደማቸው የሚመጠጠው ተራ ሰዎች ደግሞ በጌሙ ውስጥ ከረኀብ ማስታገሻነት አልፈው ብዙም አይናገሩም። ዱሮ ዝም ያለው ተከሳሹ ነበር፤ አሁን ዝም ያለው ተበዪው ነው። በሁለቱም ዘመን ዝም የሚለው ድኻው ነው።

ጌሙን ለሚወድ ሁሉ ተጫወቱት እላለሁ፤ ሰውን ሳይፈርዱበት በፊት በዓይኑ ማየትን ያለማምዳል። እኔ በበኩሌ የምመኘው አራተኛ ተራኪ ነው። ግንብም ካባም የሌለው፣ ከሹመትና ከሴራ የማይቆጠር፣ ሌሊት ወደ ቤቱ መጥቶ ከሚስቱ ጫማውን ብቻ የጠየቀ ገበሬ።