የጡት ማስያዣ ፊደል ከየት መጣ?

እኛ ስናድግ ስለ ጡት ማስያዣ ማውራት ነውር ስለነበር፣ ልኬን ሳላውቅ አርባ ዓመት ሞላኝ። ባለሱቋ በዓይኗ ገምታ የሰጠችኝን 38 እለብሳለሁ፤ ማታ ሳወልቀው ትከሻዬ ቀልቶና ሰርጉዶ አገኘዋለሁ። ጥፋቱ የሰውነቴ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ታሪኩን ሳነብ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1914 ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የተባለች የኒውዮርክ ሴት፣ መጀመሪያ ከሁለት መሀረብና ከሪባን ያሰፋችውን ጡት ማስያዣ በአሜሪካ የፈጠራ መብት አስመዘገበችበት። በኋላ መብቱን ለኮርሴት ሠሪው ዋርነር በ1,500 ዶላር ሸጠችው። ያኔ ሐሳቡ አንዱ ልብስ ለብዙ ዓይነት ሴት ይሆናል የሚል ነበር። አልሆነም! ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉት ፊደሎች የመጡት በ1930ዎቹ ነው።

ፊደሉ ብቻውን ምንም አይናገርም። ቁጥሩ ከጡት ስር የሚዞረው ልክ ነው፤ ፊደሉ ደግሞ ጡት ላይ የሚዞረው ከዚያ በስንት እንደሚበልጥ ይነግረናል። በአሜሪካ አለካክ አንድ ኢንች ኤ፣ ሁለት ቢ፣ ሦስት ሲ ነው። ስለዚህ 34 ሲ እና 36 ቢ ጡት የሚይዙበት ክፍል እኩል ነው፤ የሚለያየው ዙሪያው ነው።

ደግሞ ሸክሙን መቻል ያለበት ዙሪያው እንጂ ማንገቻው አይደለም። ጀርባችሁ ላይ ወደ ላይ ከሸሸ ሰፍቷችኋል ማለት ነው። አዲስ ስትገዙ በሰፊው መንጠቆ ልክ ይሁን፤ ሲለጠጥ ታጠብቁታላችሁ።

እኔ ስለካ 34 ሆኜ ተገኘሁ። ሴት ልጆች ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ሜትሩን አውጡና አብራችሁ ተለኩ። እንደኔ አርባ ዓመት አይጠብቁ።