እሳት ሲጠብቁ የታሰበ ሞተር

ዛሬ ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦር ሜዳ ሳይሆን ስለ አንድ የመኪና ሞተር ላውጋችሁ። እሱም ታሪክ አለው።

ቦታው እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ከተማ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 1940 (እ.ኤ.አ.) ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ አነደዷት። በጦርነቱ ዘመን የፋብሪካ ሰዎች ሌሊት በተራ እሳት ይጠብቁ ነበር፤ ተቀጣጣይ ቦምብ ከወደቀ ቶሎ ለማጥፋት። ኋላ ጃጓር የተባለው ድርጅት ባለቤት ዊሊያም ላይንስ፣ ዋና መሐንዲሱ ዊሊያም ሄይንስ፣ ዋልተር ሃሰንና ክሎድ ቤይሊ ተራቸውን አንድ ሌሊት ላይ አደረጉት። ለምን? ሰላም ሲመጣ ስለሚሠሩት ሞተር ለመነጋገር!

የመረጡት ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት የቤንዚን ሞተር ነው። በእንዲህ ያለ ሞተር ፒስተኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ የአንዱን ግፊት የሌላው ያጣፋዋል፤ ንዝረቱ በጣም ትንሽ ነው። ቱርቦ የለውም፤ አየር የሚስበው በራሱ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ ያለው ቴስታታው ላይ ነው፤ አየሩ ሳይታነቅ መግባትና መውጣት አለበት። ለዚህ የአየር ፍሰት አዋቂውን ሃሪ ዌስሌክን አማከሩ። ሁለት ካምሻፍት ከላይ አደረጉለት።

በአንዴ አልተሳካም። ባለ 3.2 ሊትሩ ሙከራ በዝግታ ሲነዳ ጉልበት አነሰው። የፒስተኑን ምት ወደ 106 ሚሊ ሜትር አስረዘሙት፤ 3.4 ሊትር ሆነ። በ1948 ለንደን ላይ ኤክስኬ 120 በተባለችው መኪና ውስጥ ሲቀርብ 160 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይኸው የሞተር ዘር በ1951፣ 1953፣ 1955፣ 1956 እና 1957 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ምርቱ የቆመው በ1992 ነው።

ይህን ለምን አነሳሁት? ያስተማርኳችሁ ልጆች በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ በዚህ ጊዜ ተምሮ ምን ይሠራል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እነዚያ ሰዎች ፋብሪካና ደሞዝ ነበራቸው፤ እናንተ የላችሁም። ዝም ብላችሁ ታገሱ ብዬ አልሰብክም። ግን እነሱም ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ አያውቁም ነበር። ማስቆምም አይችሉም። ሌሊቱን መንቃታቸው ካልቀረ፣ የነገውን ሥራ ጀመሩት።

መካኒክ የሆናችሁ ልጆቼ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጨምሩበት፤ ስለ ቴስታታ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።