የ72 ሰዓቱ መድኃኒት፦ የድንገተኛ ወሊድ መከላከያ ታሪካዊ ቅኝት

ያልታሰበ እርግዝናን የመከላከል ጥረት ዕድሜው ከሕክምና ጽሑፍ ዕድሜ ጋር ይቀራረባል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1850 ገደማ የተጻፈው የግብፁ የካሁን ፓፒረስ በአዞ ኩስና በማር የተዘጋጁ መከላከያዎችን ይጠቅሳል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኑስ ሴቲቱ ከግንኙነት በኋላ ቁጢጥ ብላ እንድታስነጥስ መክሯል። ምክሩ እርግዝናን አያስቀርም፤ ሆኖም ጭንቀቱ ያኔም እንደነበረ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ረገድ ይህ ነው የሚባል እመርታ አልታየም።

ታሪኩ አቅጣጫውን የለወጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሆርሞን በቤተ ሙከራ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የኔዘርላንድ ሐኪሞች ተገድዳ ለተደፈረች የ13 ዓመት ልጅ ከፍተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን ሰጡ። የዘመናዊው ድንገተኛ መከላከያ ጅማሬ ይህ ነው፤ መነሻውም የተጠቃችን ልጅ ከሁለተኛ ጉዳት ለማዳን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የካናዳዊው ሐኪም የአልበርት ዩዝፔ ነው። ዩዝፔ በ1974 ይፋ ባደረገው ጥናት ሁለት ሆርሞኖችን አጣመረ። በየመድኃኒት ቤቱ ያለውን የዘወትር የወሊድ መከላከያ እንክብል መጠኑን ከፍ አድርጎ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ መውሰድ በቂ ሆነ። የዘዴው ትልቅ ጥቅም አዲስ መድኃኒት አለመጠየቁ ነበር። ጉድለቱ ደግሞ ማቅለሽለሹ ነው፤ ከሚወስዱት ሴቶች ግማሽ ያህሉን ያስቸግር ነበር።

ይህን ችግር በእጅጉ ያቃለለው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው ሆርሞን ብቻውን የተሰጠበት ዘዴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ያሳተመው ጥናት አዲሱ ዘዴ ይከሰቱ ከነበሩት እርግዝናዎች 85 በመቶውን ሲያስቀር፣ የዩዝፔ ዘዴ 57 በመቶውን ብቻ እንዳስቀረ አሳየ። ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሲወሰድ ውጤቱ 95 በመቶ ደረሰ፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ 58 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ደግሞ የሚሠራው የእንቁላልን መውጣት በማዘግየት ነው፤ እንቁላሉ ከወጣ ግን ጊዜው አልፏል። የተፈጠረ እርግዝናንም አያቋርጥም፤ ስለዚህ ከውርጃ ጋር የሚያመሳስሉት ሰዎች ተሳስተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የፈቃድ ታሪክ ነው። ፈረንሳይ በ1999 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደች፤ አሜሪካ የዕድሜ ገደቡን ሙሉ በሙሉ ያነሳችው በ2013 ነው። መድኃኒቱ የሰዓት ጉዳይ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ዓመት በማዘዣ ሰበብ ማዘግየት፣ በእኔ እምነት፣ ለሴቶች ያለመቆርቆር ነበር።

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ምጣኔን መሠረት የጣለው በ1966 የተቋቋመው የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የ1993ቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲና በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሥራውን ወደ ቀበሌ አወረዱት። ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ2000 ከነበሩበት 6 በመቶ በ2016 ወደ 35 በመቶ አደጉ። ዛሬ በከተማ ፋርማሲ ይህንኑ እንክብል የሚጠይቅ «ፖስት ፒል አለ?» የሚል ዝግ ያለ ድምፅ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ግዢው በዚያው ያበቃል፤ ስንት ሰዓት እንዳለፈ፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ሳትጠየቅ ትሄዳለች። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የእንክብሉን ኃይል ይቀንሳሉ። በየወሩ የምትመላለሰውም መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረው እጅግ እንደሚሻላት የሚነግራት አታገኝም።

ከሁሉም አስተማማኙ ዘዴ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ የለም። ከግንኙነቱ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ በማህፀን የገባ የመዳብ ሉፕ ከ99 በመቶ በላይ እርግዝናን ይከላከላል፤ ከዚያም እስከ አሥር ዓመት ያገለግላል። የሠለጠነ ባለሙያ እጅ ስለሚፈልግ ፖስት ፒል የምትገዛው ሴት ፋርማሲ ቆማ ልታገኘው አትችልም፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚጠቁማት ግን ያው መድኃኒቱን የሚሸጥላት ባለሙያ ሊሆን ይችላል።