ፋሲል ግቢን በኖራው ማንበብ፦ ለጎንደር ተጓዦች

ፋሲል ግቢ ማለት ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ያስገነቧቸው አብያተ መንግሥት የሚገኙበት፣ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የድንጋይ ቅጥር የተከበበ ግቢ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከቶሮንቶ ለዕረፍት አገር ቤት የሚገባ ሰው ለጎንደር አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ቀን ይመድብላታል። ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለመውጣት ይበቃል፤ ለማየት ግን አይበቃም።

በግቢው ውስጥ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚል ነው። «ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚለው መልስ እስከ ዛሬ ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም። ነገር ግን ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡት ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ነው። ከዚያ በፊት በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በጣና ዙሪያ በጎርጎራና በደንቀዝ፣ በኖራ የሚያያዝ የድንጋይ ሥራ ተለምዶ ነበር። ከኢየሱሳውያኑ አንዱ የሆነው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ ራሱ፣ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያወቀው ከህንድ የመጣ ሰው እንደሆነ ጽፎ አልፏል። ስለዚህ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ትክክለኛው መልስ ረዘም ያለ ነው፦ ንጉሡና ገንዘቡ፣ ድንጋዩና ጉልበቱ የአገሩ፤ ጥበቡ ደግሞ የአገሩም፣ የህንዱም፣ የፖርቱጋሉም ቅልቅል። ለአንድ ቤተ መንግሥት ይህ ነውር አይደለም። በቶሮንቶ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ጉዞ የሚያዩት ካሳ ሎማ እንኳ ከ1911 እስከ 1914 የአውሮፓን የጥንት ግንብ አስመስሎ የተሠራ የአንድ ሀብታም ቤት ነው። የፋሲል ግንብ በዕድሜ ከ250 ዓመት በላይ ይበልጠዋል፤ ንጉሥም በእርግጥ ኖሮበታል።

እኔን በሙያዬ ምክንያት የሚስበኝ ግን በድንጋዮቹ መካከል ያለው ነገር ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ክረምት የጠጣውንም እርጥበት በበጋ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ነው፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ከጊዜ በኋላም የሚሰነጠቀው ሲሚንቶው ሳይሆን ድንጋዩ ይሆናል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ግቢውን ለቢሮነት ሲጠቀሙበት በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠጋግነውት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ብዙ የደከሙት ይህንኑ አንሥተው በኖራ ለመተካት ነው። ስለዚህ ወደ ግድግዳው ቀረብ ብላችሁ መገጣጠሚያውን ተመልከቱ። ግራጫና ድርቅ ያለ ካያችሁ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል፤ ነጣ ብሎ ሻከር ያለው ኖራ ነው።

ፍርስራሹም ቢሆን የሚነበብ ነው። የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በቬኒስ መስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1941 ደግሞ እንግሊዞች በጎንደር የመሸገውን የጣሊያን ጦር በአውሮፕላን ሲደበድቡ እንደገና ተመታ። ዛሬ የምናየው ጣሪያ አልባ ግድግዳ ነው።

እንዲህ ያለውን እንደገና መገንባት ይገባል ወይ? በቬትናም ሁዌ የምትባል ከተማ አለች፤ ከ1802 እስከ 1945 የነገሡት የንጉየን ነገሥታት መቀመጫ። እንደ ጎንደር በቅጥር የታጠረ ቤተ መንግሥት ያላት፣ በ1968ቱ ጦርነት ክፉኛ የተደበደበች ናት። ቬትናሞች በ1947 የወደመውን የኪየን ትሩንግ ቤተ መንግሥት እንደ አዲስ ገንብተው በ2024 ለጎብኚ ከፍተዋል። ያ ቤት ግን በ1920ዎቹ የተሠራ ስለሆነ ፎቶግራፍ ነበረው። የኢያሱን አዳራሽ በክብሩ ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣው የለም፤ ዛሬ ብንገነባው የምንገነባው ግምታችንን ነው። ስለዚህ እኔ ግድግዳው እንዳይወድቅ ይያዝ፣ ጣሪያው ግን ሰማይ ይሁን ባይ ነኝ።

ከቅጥሩ ውጭ የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ አሉ። ጥምቀተ ባሕሩ ለጥር 11 ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ ውስጥ ሰድደው ቅጥሩን እንደ እጅ ጨብጠውታል። ደብረ ብርሃን በ1888 ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ተርፏል፤ ንቦች ወጥተው አባረሯቸው ይላል የአገሩ ሰው። የመላእክቱን ፊት ለማየት አንገትን ቀና አድርጎ ረጋ ማለት ነው። ጫማ ይወልቃል፤ ለሴቶች ነጠላ ከቶሮንቶ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሆኖም ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል በመከላከያ ሠራዊቱና በፋኖ መካከል ውጊያ ስለተነሣ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የካናዳ መንግሥት ለተጓዦች የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ፤ ለጎንደር ዘመዶቻችሁም ደውላችሁ መንገዱን ጠይቁ።