የደላንታው ሐራጅና የብራናው ባዶ ገጽ

የጥንት ዕቃን በገንዘብ ለውጦ ወደ ባሕር ማዶ መውሰድ በአዲስ አበባ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የአንቲክ ሱቆች ጋር የተጀመረ ነገር አይደለም። ትልቁ ገበያ የቆመው ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን 1860 ዓ.ም. በደላንታ ሜዳ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ንብረት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አስጭኖ፣ በሽሎን ተሻግሮ በሐራጅ ሸጠው። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ለወታደሩ ተከፋፈለ። ዋነኛው ገዢ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ይኸው ሰው የጳጳሱን ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዝቷል። ገበያ ከተባለስ ርካሽ ገበያ ነበር!

ይሁን እንጂ በአገር ታሪክ ላይ የደረሰው የከፋው ጉዳት ከወርቁ ይልቅ በብራናው ነው። ቴዎድሮስ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ካከማቿቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ ከጎንደር አድባራት የመጡ ነበሩ። ከእነዚሁ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ ለትግራይ ጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። የብራና መጽሐፍ ደግሞ ጸሎትና ገድል ብቻ የሚገኝበት አይደለም። ደብሩ ሌላ መዝገብ ቤት ስላልነበረው፣ የጉልት ስጦታው፣ የመሬት ሽያጩ ከነምስክሩና ከነዋሱ፣ የንዋየ ቅድሳቱም ቈጠራ በመጽሐፉ ኅዳግና ባዶ ገጽ ይሰፍር ነበር። ዶናልድ ክረሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ መሬትና ኅብረተሰብ ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ካለ እነዚህ ጽሑፎች ባልተሠራ ነበር።

እንግዲህ ሥዕል ያለበት ቅጠል ከጥራዙ ተገንጥሎ ሲሸጥ፣ ገዢው የሚያየው ቀለሙን ነው። የደብሩ ስም ለሻጩ የስርቆት ማስረጃ ስለሚሆንበት መፋቁ ይቀላል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል ጥራዞችን ቀርጿል፤ ያልተቀረጸው ግን ከጠፋ ምስክር የለውም።

የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 እ.ኤ.አ. ተሰርቆ ከሁለት ዓመት በኋላ ከአንድ የቤልጅግ ሰው እጅ ተመልሷል። ሰውየው የከፈለው 25,000 ዶላር ሳይቀር ተተክቶለታል። መስቀሉን ምእመናኑ ሁሉ በመልኩ ያውቁት ነበር። ከአንዲት የገጠር ደብር ወንጌል የተገነጠለውን ቅጠል ግን ከመምሬውና ከዲያቆኑ በቀር ለይቶ የሚያውቀው የለም።