ድምፅና እዝነ ልቡና በጨፋ ሮቢት

የድምፅ መቅረጫና ማጫወቻ ታሪክ ሲተረክ ዘወትር የሚወሳው የፈልሳፊዎቹ ጥበብ ነው፤ ዳሩ ግን መሣሪያው ከመምጣቱ አስቀድሞ ጆሮው በአገሩ ዜማ ተገርቶ ይጠብቀው ስለ ነበር፣ የመልካም ድምፅን ነገር ከአድማጩ ልማድ ለይቶ መመርመር አይቻልም። ከከሚሴ በስተ ደቡብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ጨፋ ሮቢት ለዚህ ነገር ምስክር ትሆናለች፤ ቦርከና በሚያጠጣው በጨፋ ምድር ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚናገረው ሕዝብ፣ እንደ ብዙው የወሎ አገር፣ ጆሮውን ያሟሸው በእስልምናው መንፈሳዊ ዜማ፣ በመንዙማ ነውና።

መንዙማ በሚዜምበት ጉባኤ፣ በሐድራው ላይ፣ መሪው ቃሉን ያወርዳል፣ ጀማው ይቀበላል፣ ድቤና ጭብጨባ ደግሞ ሁለቱን አጣምረው ይይዛሉ። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሳሰሉ የወሎ ሊቃውንት በዐረብ ፊደል፣ በአማርኛ ልሳን የደረሱት መንዙማ ውዳሴና ጸሎት ብቻ ሳይሆን ትምህርትም ስለ ሆነ፣ አንድ ቃል ያመለጠው ሰው ምሥጢሩም ያመልጠዋል። ስለዚህ በዚህ አገር የመልካም ድምፅ የመጀመሪያው መስፈርት ቃሉ ጠርቶ መሰማቱ፣ ሁለተኛው ድቤው ክብደቱን ጠብቆ ቃሉን አለመሸፈኑ ሆኖ ኖረ።

መሣሪያው ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃሏን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ለዳግማዊ አጤ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላከች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ያን ጊዜ ቀረጻው ያለ ኤሌክትሪክ፣ በቀንድ መሰል መለከት ፊት ቆሞ የሚፈጸም ስለ ነበር፣ የሰው ድምፅ ሲያዝ የከበሮ ጥልቅ ድምፅ እየሳሳ ይቀር ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላም፣ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቱ አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የአዲስ አበባ ዘመናዊ ዘፈን በየቤቱ ገባ። ይሁን እንጂ የትንሹ ሸክላ አንዱ ገጽ የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ዜማ ብቻ ስለ ሆነ፣ እየተመላለሰና እየጋለ የሚሄደው መንዙማ በዚያ ጠባብ ስፍራ ሊያርፍ አልቻለም።

ማረፊያ ያገኘው የሆላንዱ ፊሊፕስ በ1955 ዓ.ም. ባወጣው፣ በኢትዮጵያም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሸክላን በተካው ካሴት ነው። በአንድ ወገኑ 30 ወይም 45 ደቂቃ የሚይዘው ካሴት፣ መብራት በሌለበትም በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራው ማጫወቻ ቴፕ ጋር፣ የሼህ መሐመድ አወል ሐምዛን መንዙማ ሐድራው ከሌለበት ቤት አደረሰ። ይሁንና የራሱ ደዌ ነበረው፤ ከቅጂ ላይ ሲቀዳ እሽታው ይጨምራል፣ ድንጋዩ ሲደክም ክሩ ይዘገይና የመሪው ድምፅ ይወፍራል። ቴፕ ሠሪው ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ ከጠረገ በኋላ፣ በቀጭን ካቻቢቴ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ብሎን ጥቂት በጥቂት እያዞረ፣ የታፈነው «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብሎ እስኪለይ ድረስ ያዳምጥ ነበር። መለኪያው የገዛ ጆሮው ነበር፤ ሲሳካለትም ሥራው ከሐኪም ሥራ የሚያንስ አልነበረም።

ቤቱም የድምፁ ተካፋይ ነው። የሣር ክዳንና ጭቃ ግድግዳ ማስተጋባትን ስለሚውጡ ቃሉ ሳይደበዝዝ ይደርሳል፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን ድምፁን እየመለሱ ቃል በቃል ላይ ይደራርባሉ። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል የተሻለ የሚሰማው ስለዚህ ነው፤ በብዙ ገንዘብ የተገዛ ስፒከርም ባዶ ክፍል ውስጥ ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ ድቤው ደረቱን ካልመታው የማይረካ ወጣት አለ፤ ቃሉ ነጥሮ ካልተሰማው የማይረካ ሽማግሌም አለ። ወጣቱን ጣዕም አያውቅም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በሐድራው ድቤው በእርግጥ ደረትን ይመታልና፣ የትንሹ ራዲዮ ስፒከር የነፈገውን ያን ክብደት መሻቱ ትክክል ነው። ሽማግሌውም የሚሻው ያንኑ ሐድራ ነው፤ ልዩነታቸው አንዱ ከሥጋው፣ ሌላው ከምሥጢሩ መጀመሩ ነው። የግል ጣዕም ለየሰው የተሰጠ ነጻነት ቢሆንም፣ ሁለቱን የሚዳኝ እውነተኛ ምንጭ አለ፤ እርሱም በአካል የተሰማው ዜማ ነው። እንግዲህ የድሮውን ካሴት ወደ ስልክ የሚገለብጥ ሁሉ አስቀድሞ ሄዱን ይጥረግ፣ ብሎኑን ያስተካክል፣ ከተገኘም የመጀመሪያውን ቅጂ ይፈልግ፤ ቤዙንም ገና ሲገለብጥ አይጨምርበት። ለጆሮው የሚስማማውን ኋላ በራሱ ማጫወቻ ሊጨምር ይችላል፤ በግልበጣ ጊዜ የጠፋውን ቃል ግን የትኛውም ስፒከር አይመልሰውም።