ስኳር የማን ስም ነው?

ከጉና ግርጌ፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ አደይ አበባ ከፈካ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል። እናት ልጅዋን «ማሬ» ብላ ታቆላምጣለች። ቃሉ ከግእዙ «መዓር» የወረደ የቤት ልጅ ነው።

ስኳር ግን እንግዳ ነው። እንግሊዞች ጣፋጭነቱ የበዛውን ነገር «ሳካሪን» ይሉታል። ሥሩ ሲፈለግ በላቲንና በግሪክ በኩል እስከ ሳንስክሪቱ «ሻርካራ» ይዘልቃል፤ ትርጓሜውም ጠጠር ነው። የዓረቡ «ሱካር»ም ሆነ የእኛው ስኳር ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ እንግዳው ቤተኛ ሆኗል።

በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ የሕሙማኑ ሽንት እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን ጻፈ። የሕክምናው ዓለምም በሽታውን በላቲን «ሜሊተስ»፣ ማለትም «ማር የገባበት» ሲል ሰየመው። እኛ ግን «የስኳር በሽታ» አልን። ፈረንጅ በማር ያሳበበውን በስኳር አሳበብን፤ የንቧ ስም ከነክብሩ ተረፈ።

ታዲያ «የተከለከልሁት ስኳር እንጂ ማር አይደለም» የሚል ሕመምተኛ አይጠፋም። ስሙ ነጻ ቢወጣም ማሩ ነጻ አልወጣም። ለታመመ ሰው ማርም ስኳር ነው።